ቅጠል ቆራጯ እኅቴና የየጎፏ ድኩላ

እኅቴ ከአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ከተማ ብዙም በማይርቅ ሥፍራ መኖር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አምና በጥቅምት ወር አንድ እሑድ፣ ደሴ እናታችን ቤት ተሰብስበን ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ ደውላ፣ «ዛሬ ገና ሳይነጋ ወጥቼ ባሕር ዛፍ ስቆርጥ አረፈድኩ» አለችን። እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ፣ «ምን ጎደለብሽ ልጄ? እኔ ከጦሳ ተራራ ቅጠል ተሸክሜ ያሳደግኩሽ ባሕር ተሻግረሽም ቅጠል እንድትሸከሚ ነው?» ስትል በድንጋጤ ጠየቀቻት። እኅቴም፣ «አብሽሪ እማ፣ ለማገዶ አይደለም፤ ለበሽተኞች ቀለብ ነው» ብላ አረጋጋቻትና፣ በሳምንት ሁለት ቀን ያለ ክፍያ የምታገለግልበት የዱር እንስሳት ሆስፒታል እንዳለ፣ እዚያ ከሚታከሙት እንስሳት ብዙዎቹ ኮዋላ የሚባሉ እንደሆኑና ከባሕር ዛፍ ቅጠል በስተቀር ይህ ነው የሚባል ሌላ ምግብ እንደሌላቸው አስረዳችን። በዕለቱ ቅጠል የቆረጠችላት ኮዋላ ሁለቱም ዓይኖቿ አብጠው የተዘጉ እንደነበረች ስትነግራት እናቴ ከንፈሯን መጠጠች፤ ስለ ማገዶውም ዳግመኛ አላነሣችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በደወለች ቁጥር ስለዚያች ኮዋላና ስለ ሥራው ሳልጠይቃት አላልፍም። የምጠይቃት ኮምቦልቻ ውስጥ በእጄ ላይ በሞተች አንዲት ድኩላ ምክንያት ነው፤ እርሷን ወደ በኋላ አነሣታለሁ።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ሲሆን፣ ከየት እንደመጣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ደሴ ላይ ያደገ ሰው ያለ ባሕር ዛፍ የቆመ ቤት፣ ያለ ባሕር ዛፍ ቅጠል የተጋገረ እንጀራ፣ በባሕር ዛፍ ሳይታጠን ያለፈ ጉንፋን ማስታወስ ይቸግረዋል። ከብቶቻችን ግን እስከ ዛሬ አልለመዱትም፤ ያገኘችውን ሁሉ የምትቀነጥበው ፍየል እንኳ ፊቷን ታዞርበታለች። ቅጠሉ ለአብዛኛው እንስሳ መርዝነት ያለው፣ ቃጫው የበዛና ለአካል የሚሰጠው ኃይል እጅግ ያነሰ ነው። ኮዋላ ይህንን ቅጠል ብቻ በልታ ለመኖር ስትል ጉበቷ መርዙን እንዲያረክስ፣ ረጅሙ ዕውር አንጀቷም በውስጡ በሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን እየታገዘ ቅጠሉን ቀስ ብሎ እንዲያብላላ ሆና የተፈጠረች እንስሳ ናት። በቀን ከአሥራ ስምንት ሰዓት በላይ የምትተኛውም ከዚህ ምግብ የምታገኘው ጉልበት ለብዙ እንቅስቃሴ ስለማይበቃት ነው። ብዙ ሰዎች ድብ ትመስላቸዋለች፤ ነገር ግን እንደ ካንጋሮ ግልገሏን በሆዷ ኪስ የምታሳድግ ናት። ግልገሏ ስትወለድ ክብደቷ አንድ ግራም አይሞላም፤ ስድስት ወር ያህል በኪስ ውስጥ በወተት ካደገች በኋላ ከእናቷ አንጀት የሚወጣ ለስላሳ ነገር እየላሰች ቅጠል የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ትወርሳለች። ያን ሳትወርስ ቅጠል መብላት አትችልም።

እንግዲህ የእኅቴ ሥራ ይህችን እንስሳ መመገብ ነው። ስሰማው ቀላል መስሎኝ ነበር። በዓለም ላይ ከ700 በላይ የባሕር ዛፍ ዓይነቶች ሲኖሩ ኮዋላ አዘውትራ የምትበላው ጥቂቶቹን ብቻ ነው፤ ከእነዚያም ውስጥ በአንድ አካባቢ ያደገችው የሌላውን አካባቢ ቅጠል ላትነካው ትችላለች። ዓይነቱ ያው ሆኖ እንኳ ከአንዱ ዛፍ በልታ ከጎኑ የበቀለውን የምትተውበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞቹ በሙቀት ሳይጠወልግ በፊት ማልደው ሄደው ከተፈቀደላቸው ቦታ ከአራትና ከአምስት ዓይነት ዛፍ ለጋ ጫፍ ያላቸውን ቅርንጫፎች ይቆርጣሉ፤ በመኪና ጭነው ያመጡና ግንዳቸውን እንደገና ቆርጠው ውሃ በተሞላ ማሰሮ መሰል ዕቃ ውስጥ ያቆሙላቸዋል። አንዲት ጤነኛ ኮዋላ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቅጠል ትበላለች፤ ይሁንና መርጣ የምትጥለው ስለሚበዛ የሚቆረጠው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በማግሥቱ የተረፈው ሁሉ ይነሣል፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደተነካና የትኛው እንዳልተነካ ይመዘገባል፤ ወለል ላይ የወደቀው እንደ ወይራ ፍሬ ያለ ፍግ ተጠርጎ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ፍጉ ካነሰ ሐኪሙ ከማንም በፊት ማወቅ አለበት።

አንድ ጊዜ እኅቴ በቪዲዮ ያሳየችኝን አልረሳውም። አንዲት ሽማግሌ ኮዋላ በቅርንጫፍ መገንጠያ ላይ ተቀምጣ፣ አንዱን ቅጠል በእጇ ስባ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ አሸተተችው፤ ለቀቀችው። ሌላውን ሳበች፤ እንደገና አሸተተች፤ ለቀቀችው። ትልቁ ጥቁር አፍንጫዋ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይርገበገባል። እጇ ላይ ሁለት አውራ ጣት የሚመስሉ ጣቶች ስላሉ አያያዟ የሰው ይመስላል። በሰባተኛው ቅጠል ይሁን በስምንተኛው ጫፉን ነክሳ ማኘክ ስትጀምር፣ ስልኩን የያዘችው እኅቴ ትንፋሿን ስትለቅ ተሰማኝ። እናቴም ቅጠሉን አተኩራ አይታ፣ «ይኼ እኮ የእኛው ቀይ ባሕር ዛፍ ነው» አለች፤ ብዙም አልተሳሳተችም፤ በዚያ አካባቢ ኮዋላዎች ከሚወዷቸው ዛፎች አንዱ ከእኛ ቀይ ባሕር ዛፍ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው።

ኮዋላዎቹን ወደ ሆስፒታል የሚያመጣቸው ምንድን ነው? መኪና ይገጫቸዋል፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመሻገር መሬት ሲወርዱ ውሻ ይነክሳቸዋል፤ ጫካው ተመንጥሮ ቤት ሲሠራበት መሄጃ ያጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 መካከል በነበረው ታላቅ ቃጠሎ ደግሞ መዳፋቸው የተቃጠለ ብዙ ኮዋላዎች እጅና እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ታክመዋል። ከሁሉም በላይ ግን ክላሚድያ የሚባል በሽታ አለ። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ዓይናቸውን አቁስሎ እስከ መታወር ያደርሳቸዋል፤ የሽንት ፊኛቸውን ያቆጣል፤ የሴቶቹን ማሕፀን አበላሽቶ ያመክናቸዋል።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛን አገር ትራኮማ የሚያመጣው ባክቴሪያ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ የኖረ በመሆኑ፣ የዓይን ሽፋኑ ወደ ውስጥ ታጥፎ ፀጉሩ ብሌኑን የሚወጋው ሰው ምን እንደሚመስል ለወሎ ሰው መንገር አያሻም። አያቴ ወረንጦዋን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዝ ነበር፤ ፀሐይ ሲከብዳት ወደ ጓዳ ገብታ የሚወጋትን ፀጉር በጎረቤቷ ታስነቅል ነበር። እኅቴ ስለ ኮዋላይቱ ዓይን ስትነግረን እናቴን ዝም ያሰኛት ይህ ትዝታ ይመስለኛል። ትራኮማን ለመከላከል በአንቲባዮቲክ ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ታክሟል፤ ለኮዋላ ግን መድኃኒቱ ራሱ አደጋ አለው። ለሳምንታት በየቀኑ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በሽታውን ሲገድል፣ ባሕር ዛፉን የሚያብላሉላትን የአንጀት ተሕዋስያንም አብሮ ሊገድል ስለሚችል፣ ዓይኗ የዳነላት ኮዋላ በቅጠል ተከባ በረኃብ ልትሞት ትችላለች። ለዚህ ነው የቅጠል ቆራጮቹና የፍግ ቆጣሪዎቹ መዝገብ ከሐኪሙ መርፌ የማያንሰው። እ.ኤ.አ. በ2025 የሰንሻይን ኮስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሥር ዓመት በላይ የደከሙበት የክላሚድያ ክትባት በአውስትራሊያ መንግሥት ጸድቋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ደግሞ በዱር ለሚኖር እንስሳ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ጀምሮ በኩዊንስላንድ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በዋና ከተማዋ ግዛት ያሉ ኮዋላዎች ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው በሕግ ስለተመዘገቡ፣ የአንዲት ሴት ኮዋላ መዳን የአንዲት ብቻ አይደለም።

እንደዚህ ያሉ ሆስፒታሎች በአንድ ቀን የተገነቡ አይደሉም። በፖርት ማኳሪ ከተማ ያለው የኮዋላ ሆስፒታል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን እስከ ዛሬም አብዛኛው ሥራው የሚሸፈነው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ በኩዊንስላንድ ቢርዋ አካባቢ ያለው የአውስትራሊያ ዙ የዱር እንስሳት ሆስፒታል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፈተ።

እኅቴ የምታገለግልበት ቦታ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚማረው አለመንካትን ነው። መንገድ ዳር የወደቀች ኮዋላ ያየ ሰው ስልክ ይደውላል፤ የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ እስኪደርስ ሰዉንና ውሻውን ያርቃል፤ የመጣው ሰው ወፍራም ፎጣ ወይም ብርድ ልብስ አልብሶ ዓይኗን ይጋርድላትና በጎኑ መተንፈሻ ባለው ሣጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ሬዲዮኑን ዘግቶ፣ ሳያናግራት ይነዳል። ሴት ከሆነች፣ ሞታም ቢሆን፣ ኪሷ ይፈተሻል፤ ውስጥ በሕይወት ያለች ግልገል ልትገኝ ትችላለችና። ውሃ በአፏ አይፈስስባትም። ኮዋላ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ከጠርሙስ እንድትጠጣ ስትደረግ ውሃው ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ ማጠጣት የግድ ከሆነ በዝቅተኛ ዕቃ አስቀምጦ ራሷ ጎንበስ ብላ እንድትጠጣ መተው ነው።

ይህንን ስትነግረኝ ስልኩን ይዤ ለረጅም ጊዜ መናገር አቃተኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር ወር፣ ከኮምቦልቻ በላይ ካለው የየጎፍ ደን አንዲት ድኩላ በውሾች ተባርራ ወደ ሰፈራችን ዳርቻ ወረደች። ጧት ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር። ልጆች ሲጮኹ ሰምቼ ስወጣ ጎረቤቶቼ ውሾቹን በዱላ አባርረው ድኩላዋን ከአንድ የድንጋይ ካብ ሥር ይዘዋት ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። አንዱ እንዳታመልጥና እንዳትጎዳ ብሎ እግሯን በገመድ አሠራት፤ ሌላው ቁስሏን ለማየት ታፋዋን ገለበጠ፤ ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ከበቧት፤ እናቶች ሕፃናት አዝለው ሊያሳዩ መጡ። ከትምህርት ቤቱ የመጣሁት መምህር ስለሆንኩ መንገድ ለቀቁልኝ። እኔም ተንበርክኬ አንገቷን በግራ እጄ ደገፍኩና በሃይላንድ የያዝኩትን ውሃ በአፏ ጥግ አፈሰስኩላት። ከውሾቹ ጥርስ የደረሰባት ታፋዋ ላይ ከጣት የማትበልጥ አንዲት ቁስል ብቻ ነበረች። ዓይኗ ግን ትልቅ ሆኖ ተከፍቶ አንድም ጊዜ አልተርገበገበም፤ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይሰፋና ይጠባል፤ ልቧ በጎድን አጥንቷ ሥር እንደ ወፍ ክንፍ ሲመታ በመዳፌ ይሰማኝ ነበር። ከጎኗ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች ከትንፋሿ ጋር ይንቀጠቀጡ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም ለሆነች የቀድሞ ተማሪዬ ደወልኩላት። ሁኔታውን ሳልጨርስላት፣ «ቲቸር፣ ዓይኗን በጨርቅ ይሸፍኑላትና ገመዱን ፍቱላት፤ ሰዉን በሙሉ ያርቁ፤ ውሃውንም ይተዉት» አለችኝ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ነጠላውን ዓይኗ ላይ ሳደርግ አንገቷ በክንዴ ላይ ከበደ። ተማሪዬ ከደረሰች በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ በሩጫና በድንጋጤ የተጨነቀ የዱር እንስሳ ጡንቻው ይፈራርሳል፤ ከዚያ የሚወጣው መርዝ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ እንዲያ ያለው እንስሳ ከያዘው ሰው እጅ ውስጥ ሆኖ ይሞታል። ውሾቹ ያደረሱባት ቁስል ብቻ ቢሆን ልትተርፍ ትችል እንደነበር ጠይቄያት፣ «ምናልባት» አለችኝ። ያችን «ምናልባት» ተሸክሜ ቆይቻለሁ።

ያ ሕዝብ ደግሞ መረዳዳት የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። በወሎ ማንም ሰው ያለ ቅሬ አይኖርም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ዕቃ የሚቆጥረው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ለሐዘንተኛው ማን ምን እንደሚያደርግለት የሚጨቃጨቅ የለም፤ ያለ ተራው የሚገባም የለም። እኅቴ የሆስፒታሉን የተራ ሰሌዳ ስታሳየኝ የታየኝ ይኸው ቅሬያችን ነው። ማክሰኞ ቅጠል ቆራጭ፣ ረቡዕ ፎጣ አጣቢ፣ ሐሙስ ሌሊት ስልክ ጠባቂ፣ ዓርብ ሹፌር። ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ ተማሪዎች፣ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ እናቶች ናቸው። ብዙዎቹ ኮዋላ አቅፈው አያውቁም፤ መታቀፍ ለእንስሳይቱ ጭንቀት ስለሆነም አይፈቀድላቸውም። በዚያን ዕለት ጧት ከካቡ ሥር የጎደለን ርኅራኄ አልነበረም፤ ሁላችንም አንድ ላይ አንድ ሥራ ስንሠራ የቀሩት ሥራዎች ሠሪ አጥተው ነበር። ሰው የሚያርቅ ያስፈልግ ነበር፤ ጨርቅ የሚያመጣ ያስፈልግ ነበር፤ ቀድሞ የሚደውል ያስፈልግ ነበር።

አገራችንም ባዶ አይደለችም። በሆለታ አቅራቢያ ያለው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ከሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች የተያዙ አንበሶችንና አቦ ሸማኔዎችን ይንከባከባል። እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እግሩ ተሰብሮ የተገኘ አንድ ቀይ ቀበሮ በጊዜያዊ መጠለያ ከአንድ ወር በላይ ታክሞ፣ ተረፈ የሚል ስም ወጥቶለት፣ ወደ መንጋው አገር ተመልሷል። ቀይ ቀበሮ በእኛው ደቡብ ወሎ፣ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክም ይኖራል። ደሴ ላይ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ስለዚህ ሐኪም አለ፤ የሚቀረው በሐኪሙና በካቡ መካከል ያለው መንገድ ነው።

ያንን መንገድ በትንሹ ጀምረነዋል። የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎች ስምንት ሆነው በየሳምንቱ ተራ ይዘዋል። አንድ መተንፈሻ የተበሳለት ካርቶን፣ ሁለት አሮጌ ጋቢ፣ ወፍራም ጓንትና የተማሪዬ ስልክ ቁጥር በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ሕጋቸው አጭር ነው። የነከሰ፣ የሚለጋጭ ወይም ሰው የማይፈራ አጥቢ እንስሳ ፈጽሞ አይነካም፤ በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ሊሆን ይችላልና ይደወላል እንጂ አይቀረብም። የዱር እንስሳ ቤት ወስዶ ማሳደግ የለም፤ ሕጉም አይፈቅድም። ፎቶ የለም። እስካሁን አራት ጊዜ ተጠርተዋል፤ ሁለቱ እንስሳት ሞተዋል፤ አንዱን ባለሙያዎች ወስደዋል። በግንቦት ወር ግን ሽቦ መትቷት አጥር ሥር የወደቀች ጉጉት አገኙ። በሰፈራችን ጉጉት በክፉ ገድ የምትታይ ወፍ ናት፤ አንዳንድ ሰው ጥለዋት እንዲሄዱ መክሯቸውም ነበር። የዘጠነኛ ክፍሏ ተረኛ ጋቢውን ከላይ ጣል አድርጋ በካርቶኑ ውስጥ አስገባቻትና ቤተ ሙከራው ጨለማ ጥግ አስቀመጠቻት። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆማ የሚመጣውን ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ መለሰች። ተማሪዬ ከሰዓት በኋላ መጥታ ክንፏን መረመረች፤ አልተሰበረም። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ካርቶኑን ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ከፈትነው። ጉጉቷ ለጥቂት ጊዜ ጠርዙ ላይ ቆማ አንገቷን አዞረችና ያለ ድምፅ ተነሥታ ሄደች።

በዚያው ሳምንት እኅቴ ደወለች። ስለ መጀመሪያዋ ኮዋላ ስጠይቃት ዓይኖቿ ተከፍተው እንደነበር አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ መብላትም ጀምራ ነበር። ኋላ ግን እንደገና ታማ ተገኝታ ስትመለስ በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት ማሕፀኗ ተበላሽቶ፣ ኩላሊቷም ተጎድቶ ነበርና ሐኪሞቹ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ወስነው መርፌ ወግተዋታል። እኅቴ ይህ የተደረገ ቀን ተራዋ ስለነበረ ማልዳ ቅጠሏን ቆርጣላት ደርሳ ነበር።

እናቴ በጎኔ ሆና ትሰማ ነበርና ስልኩን ተቀበለችኝ። «ቅጠሉንስ ምን አደረግሽው?» አለቻት።

«አዲስ የገባች አለች እማ፤ ለእርሷ ሰጠኋት።»

«በላችው?»

«አሸተተችና ተወችው። ነገ ከሌላ ዛፍ እቆርጥላታለሁ።»